«ፕላስቲክ የሚበላውን ባክቴሪያ አዌቱ ላይ ብንለቀውስ?» ለሚል ጥያቄ የተሰጠ የባለሙያ ምላሽ

የቀረበልኝ ጥያቄ ባጭሩ እንዲህ ይላል። ጠያቂው በጅማ የሄርማታ አካባቢ ነዋሪ ሲሆኑ፣ ክረምቱ እንደወጣ ከጎረቤቶቻቸው ጋር ሆነው አዌቱ ወንዝ ዳር የተከማቸውን ሃይላንድና ፌስታል ይለቅማሉ፤ በዓመቱ ግን ዳርቻው መልሶ እንደነበረው ይሆናል። «ፕላስቲክ የሚበላ ባክቴሪያ ተገኝቷል ሲባል ሰምተናል፤ አስመጥተን ወንዙ ላይ ብንለቀው ከዚህ ድካም አይገላግለንም ወይ? ደግሞስ ፕላስቲክን የሚበላ ተህዋስ ለሰው አያሰጋም?» ሲሉ ጠይቀዋል።

ውድ ጠያቂ፣ የመጀመሪያው ጥያቄዎ መልስ «አይገላግላችሁም» የሚል ነው። ሁለተኛው ግን እርስዎ ካሰቡት በላይ ርቆ የሚሄድ ጥያቄ ስለሆነ ዘግየት ብዬ እመለስበታለሁ። በአካባቢ ማይክሮባዮሎጂ ሙያ ስሠራ እዚህ ከተማ ውስጥ ደጋግሞ የሚቀርብልኝ ጥያቄ ይኸው በመሆኑ፣ አንድ ጊዜ በሰፊው ብመልሰው ይሻላል ብያለሁ።

ከሁሉ አስቀድሞ «ፕላስቲክ» የምንለው አንድ ነገር አለመሆኑን መያዝ ያስፈልጋል። ሃይላንድ የሚሠራው ፖሊኤቲሊን ቴሬፍታሌት ከሚባለው፣ በአጭሩ ፔት ከሚሉት ቁስ ነው። ፌስታልና ጀሪካን ፖሊኤቲሊን ናቸው። እህል የምንጭንበት፣ ማዳበሪያ ኖረበትም አልኖረበትም «ማዳበሪያ» እያልን የምንጠራው ጆንያ ደግሞ ፖሊፕሮፒሊን ነው። ልዩነቱን ቤትዎ ሆነው ማየት ይችላሉ። ከአንድ ሃይላንድ ወገብ ላይ ጥፍር የምታህል ቁራጭ በመቀስ ይቁረጡ፤ ከክዳኑም እንዲሁ ያድርጉ፤ ሁለቱንም ውኃ የሞላ ብርጭቆ ውስጥ ከተው በጣትዎ ወደ ታች ይጫኗቸው፤ ያለበለዚያ የውኃው ገጽ ቀጭኗን ቁራጭ ደግፎ ይዞ ሊያሳስትዎ ይችላል። ጣትዎን ሲያነሡ የጠርሙሱ ቁራጭ ትሰጥማለች፣ የክዳኑ ግን ተመልሳ ትንሳፈፋለች። ፔት ከውኃ ይከብዳል፤ አንድ ኪዩቢክ ሴንቲ ሜትሩ 1.38 ግራም ገደማ ይመዝናል። ክዳኑ ግን የፌስታል ወይም የማዳበሪያ ዘመድ ስለሆነ ከውኃ ይቀላል።

ለባክቴሪያው ቁም ነገሩ ክብደቱ ሳይሆን የሞለኪውሎቹ አያያዝ ነው። ፔት ረጅም ሰንሰለት ሲሆን በየመገጣጠሚያው ኤስተር የሚባል፣ ኦክስጅን ያለበት ማያያዣ አለው፤ ውኃ በኢንዛይም፣ ማለትም ተህዋሱ በሚሠራውና ኬሚካላዊ ለውጥን በሚያፋጥን ፕሮቲን፣ እየታገዘ ይህን ማያያዣ ሊፈታው ይችላል። የፌስታል ሰንሰለት ግን ከጫፍ እስከ ጫፍ ካርቦን ከካርቦን ጋር የተያያዘበት በመሆኑ እንዲህ ያለ መግቢያ በር የለውም። ስለዚህ ያ ዝነኛ ባክቴሪያ አዌቱ ድረስ ቢመጣ እንኳ ፌስታሉን ዞር ብሎም አያየው።

ባክቴሪያው ኢዲዮኔላ ሳካይየንሲስ ይባላል። የጃፓን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2016 ሳይንስ በተባለው መጽሔት ላይ ሲያስተዋውቁት ስሙን ከሳካይ ከተማ ሰጡት፤ እዚያ ካለ የፔት ጠርሙስ መልሶ መጠቀሚያ ሥፍራ 250 የአፈር፣ የደለልና የፍሳሽ ናሙናዎችን ሰብስበው ነው ያገኙት። ተህዋሱ ሁለት ኢንዛይሞች አሉት። አንደኛው ከሰንሰለቱ ላይ ቁራጭ ያነሣል፤ ሁለተኛው ቁራጩን ቴሬፍታሊክ አሲድና ኤቲሊን ግላይኮል ወደሚባሉት መነሻዎቹ ይከፍለዋል፤ ከዚያ በኋላ ባክቴሪያው እንደ ማንኛውም ምግብ ይመገባቸዋል። ዜናውን ያራገቡ ሰዎች የዘለሏት አንዲት ዝርዝር ግን አለች። ለባክቴሪያው የቀረበለት ፔት ስስ ገለፈት ነበር፤ ሞለኪውሎቹም በአብዛኛው ያለ ሥርዓት የተዘበራረቁበት ነበር። እሱንም ቢሆን በ30 ዲግሪ ሙቀት፣ በተመቻቸለት የቤተ ሙከራ ፈሳሽ ውስጥ ለመጨረስ ስድስት ሳምንት ፈጅቶበታል።

ጠርሙሱ ሌላ ነው። ሃይላንድ የሚሠራው አንዲትን አጭር ወፍራም ቱቦ አግሎ በመወጠርና በአየር በመንፋት ነው። ሲወጠር ሰንሰለቶቹ እንደ ተዳመጠና እንደ ተባዘተ ጥጥ በተወጠሩበት አቅጣጫ ይተኛሉ፣ ከፊላቸውም ጎን ለጎን ተጠጋግተው ይደረደራሉ፤ ያ ስስ ግድግዳ የለስላሳ ጋዝ ሲገፋው የማይፈነዳው በዚህ ምክንያት ነው። ኢንዛይም ደግሞ እንዲህ በተጠጋጋ ድርድር መካከል መግቢያ አያገኝም። ድርድሩን ለማላላት ሙቀት ያስፈልጋል። ትኩስ ሻይ ሃይላንድ ውስጥ ገልብጦ መንገድ ለመውጣት የሞከረ ሰው ጠርሙሱ እጁ ላይ እንዴት እንደሚኮማተርና እንደሚንጋደድ ያውቃል። ፔት ወደ 70 ዲግሪ ሲቃረብ ግትርነቱን ትቶ መለስለስ ይጀምራል፤ ሰንሰለቶቹም መንቀሳቀስ ይጀምራሉ። የቁስ ሳይንስ ሰዎችና የማይክሮባዮሎጂ ሰዎች በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ የተቀመጡት በዚህች ነጥብ የተነሣ ነው ብል አላጋነንኩም፤ ምክንያቱም ፕላስቲኩ የሚለሰልስበት ሙቀት አብዛኛውን ኢንዛይም እንደ እንቁላል የሚያረጋው ሙቀት ነው። የሳካዩ ኢንዛይም በተፈጥሮው ከ40 ዲግሪ በላይ ብዙ አይዘልቅም።

ስለዚህ ሙቀት የሚችል ኢንዛይም ማግኘት የግድ ሆነ። እሱም የተገኘው ከቆሻሻ መጣያ ወይም ከፋብሪካ አልነበረም፤ እ.ኤ.አ. በ2012 ይፋ የሆነ ከቅጠልና ከቅርንጫፍ ብስባሽ የመጣ ኢንዛይም ነው፤ ብስባሹ የተወሰደውም በዚያው በጃፓን፣ በኦሳካ ነው። ነገሩ አይገርምም። የቡና ቅጠልን የሚያብለጨልጨውና የዝናብ ጠብታ የሚያንሸራትተው ልባስ ዋና ክፍል ኩቲን ይባላል፤ ኩቲን ደግሞ እንደ ፔት ሁሉ በኤስተር የተያያዘ ነው። ቅጠል በሚረግፍበት ምድር ሁሉ ኩቲንን የሚፈታ ተህዋስ አለ። ብስባሽ ደግሞ ሲብላላ ይግላል፤ የፍግ ቁልል ውስጥ ክንዱን የከተተ ገበሬ ይህን ከማንም በላይ ያውቃል። ሙቀት የለመደ ኩቲን ፈቺ የሚፈለገው እንግዲህ እዚያ ነው። (እግረ መንገዴን ልበልና፣ የእኛው የበለጠ ጌራ ደን ሥር የተነጠፈው የቅጠል ብስባሽ በዚህ ዓይን ቢታይ እጅግ ደስ ይለኛል፤ ለሁለተኛ ዲግሪ ተማሪዎቻችን ሰበብ ባገኘሁ ቁጥር የምመክረው ይህንኑ ነው።)

ይህን የብስባሽ ኢንዛይም የፈረንሳይ ተመራማሪዎች ጥቂት ቦታ ላይ ለውጠው አጠነከሩትና ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ2020 ኔቸር መጽሔት ላይ አወጡት፤ በ72 ዲግሪ ሙቀት በ10 ሰዓት ውስጥ ከፔቱ 90 በመቶው ወደ መነሻዎቹ ተመለሰ። ልብ ይበሉ፣ የጠርሙሱ ፔት ወደ ኢንዛይሙ የገባው ቀልጦና ተፈጭቶ፣ የሰንሰለቶቹ ድርድር አስቀድሞ ከፈረሰ በኋላ ነው፤ የሚወጣው አሲድም ሥራውን እንዳያቆመው ያለማቋረጥ ማርከሻ ይጨመርበታል። እ.ኤ.አ. በ2022 ደግሞ በኦስቲን የሚገኘው የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ቡድን በማሽን ለርኒንግ (ኮምፒውተር ከመረጃ እየተማረ በሚተነብይበት ዘዴ) እየታገዘ የሳካዩን ኢንዛይም በ50 ዲግሪ እንዲሠራ አድርጎ አሻሻለው፤ በእሱም 51 ያገለገሉ የፔት ማሸጊያዎችን ፈታ። ቤተ ሙከራው እንዲህ ሲሮጥ ፋብሪካው ወደ ኋላ ቀርቷል። ፈረንሳይ ውስጥ ሎንግላቪል በምትባል ከተማ በዓመት 50,000 ቶን እንዲያቀነባብር የታቀደው የመጀመሪያው ትልቅ ፋብሪካ ግንባታ በገንዘብ ምክንያት ዘግይቷል፤ ከነዳጅ ዘይት የሚሠራው አዲስ ፔት ርካሽ በመሆኑ ውድድሩ ቀላል አይደለም።

አሁን ወደ አዌቱ እንመለስ። የጅማ አማካይ የአየር ሙቀት 20 ዲግሪ ገደማ ነው፤ የወንዙም ከዚያ ብዙ አይርቅም። ባክቴሪያው ሥራውን የሚሠራው ኢንዛይሙን ከሰውነቱ ውጭ አውጥቶ ነው፤ በሚፈስ ውኃ ውስጥ ደግሞ ኢንዛይሙ ጠርሙሱ ላይ ሳይረጋ ወደ ግልገል ግቤ ይጓዛል። ከዚህ ሁሉ በላይ አዌቱ ውስጥ ለተህዋስ የሚሆን ቀላል ምግብ ሞልቷል፤ የቤት እጣቢ አለ፣ የመጸዳጃ ፍሳሽ አለ፣ ከገበያ የሚወርድ የአትክልት ጥራጊ አለ። እንጀራ ቀርቦለት ድንጋይ የሚቆረጥም የለም። የመጣው እንግዳ ባክቴሪያም ጠርሙሱን ትቶ ወደ እጣቢው ማድላቱ አይቀርም፣ ያውም ወንዙን ዘመናቸውን ሁሉ ከኖሩበት ተህዋስያን ጋር እየተሻማ፤ በእኔ ግምት ብዙም ሳይቆይ ደብዛው ይጠፋል።

ተሳክቶለት ፔቱን ፈታ እንበል። የሚወጡት ሁለቱ ነገሮች ውኃ ውስጥ ሟሙተው ለሌሎች ተህዋስያን ምግብ ይሆናሉ፤ እነዚያም ሲመገቡ ኦክስጅን ይጨርሳሉ። በጅማ ዙሪያ ያደገ ሰው ይህን ከእኔ ማብራሪያ በፊት ያውቀዋል። ቡና በሚታጠብበት ወቅት ፍሳሹ በቀጥታ የሚለቀቅበት ጅረት ውኃው ይጠቁራል፣ ሽታው ከሩቅ ይጣራል፣ ከብትም አፉን አስጠግቶ ይመለሳል። ትልቁ ጥፋት የሚመጣው ከቡናው ሙጫና ስኳር ነው፤ ራሱ መርዝ ሆኖ ሳይሆን፣ ተህዋስያን እሱን ለመመገብ ሲሯሯጡ የውኃውን ኦክስጅን ስለሚያሟጥጡት ወንዙ ይታፈናል።

ስለ ፌስታሉም ሳልናገር አልለፍ። የንብ ቀፎ ሰም የሚበላ ትል ፖሊኤቲሊንን እንደሚበሳና እንደሚለውጥ እ.ኤ.አ. በ2017 ከስፔን ተዘግቦ ብዙ ተወርቶለታል። ንብ አናቢዎቻችን ትሉን የሚያውቁት በቀፎ አጥፊነቱ ነው። ሰም ራሱ ረጅም የካርቦን ሰንሰለት ስላለው ሐሳቡ ከመሬት የተነሣ አይደለም፤ ነገር ግን ትሉ ፌስታሉን ማኘኩ ፌስታሉን መፍጨቱን አያረጋግጥም የሚል ትችት ወዲያው ቀርቦበታል፤ እኔም ከተቺዎቹ ወገን ነኝ። ለፌስታል የማውቀው መላ አለመያዝ ብቻ ነው፤ በእኛ አቆጣጠር በ2017 የጸደቀው የደረቅ ቆሻሻ አዋጅም የሄደበት መንገድ ይኸው ነው።

ወደ ሁለተኛው ጥያቄዎ ስመጣ፣ የሳካዩ ባክቴሪያ ሰውን በማሳመም አይታወቅም። ይሁን እንጂ ባክቴሪያ ፕላስቲክን መብላቱ ለታማሚ አደጋ ሊሆን እንደሚችል የሚያሳይ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2025 ለንደን ከሚገኘው ብሩኔል ዩኒቨርሲቲ ወጥቷል። ጥናቱ ሱዶሞናስ ኤሩጂኖሳ የሚባለውን ባክቴሪያ ይመለከታል። ይህ ተህዋስ ለሐኪሞች የቆየ ጠላት ነው፤ በእሳት የተቃጠለ ቁስል፣ የሽንት ቱቦና የመተንፈሻ መሣሪያ ላይ ይሰፍራል፣ በርካታ አንቲባዮቲኮችንም ይቋቋማል። ተመራማሪዎቹ ከአንድ ታካሚ ቁስል በተወሰደ ዝርያ ውስጥ ፖሊካፕሮላክቶን የተባለውን ፕላስቲክ የሚፈታ ኢንዛይም አገኙ፤ ዝርያው ከቀረበለት ፕላስቲክ 78 በመቶውን በሰባት ቀን ውስጥ አጠፋ። ፖሊካፕሮላክቶን በስፌት ክር፣ በቁስል መሸፈኛና ሰውነት ውስጥ በሚተከሉ አንዳንድ የሕክምና ቁሶች ውስጥ ይገባል፤ እሱም እንደ ፔት ኤስተር ያለው ነው። እኔን ይበልጥ ያሳሰበኝ ሌላው ውጤት ነው፤ ባክቴሪያው ከፕላስቲኩ ባገኘው ነገር ባዮፊልም የሚባለውን፣ ራሱን ከመድኃኒትና ከሰውነት መከላከያ የሚደብቅበትን የሚያዳልጥ ሽፋን አወፈረ። ታካሚውን ለማዳን የገባ ቁስ ለጠላቱ ስንቅም ምሽግም ሊሆን ይችላል ማለት ነው። ይህ ተህዋስ ሃይላንድ በላ ማለት ግን እንዳልሆነ ይያዝልኝ።

ባዮፊልምን ለማየት ሆስፒታል መግባት አያስፈልግም። አዌቱ ውስጥ ሰንበት ያለ ሃይላንድ አንሥተው ሆዱን በጣትዎ ቢያሹት (ጓንት አድርገው ይሁን) የእንቁላል ውኃ የሚመስል ማዳለጥ ይሰማዎታል፤ እሱ ነው። በፕላስቲክ ላይ የሚሰፍረው ይህ የተህዋስያን ሰፈር እ.ኤ.አ. በ2013 ፕላስቲስፌር የሚል ስም ወጥቶለታል። ተህዋስያኑ ተጨናንቀው ስለሚኖሩ ዘረመል ይቀባበላሉ፤ አንቲባዮቲክን ለመቋቋም የሚያስችለውም ዘረመል በዚህ መንገድ ከአንዱ ወደ ሌላው ሊያልፍ ይችላል። ስለዚህ ወንዝ ውስጥ ካለ ጠርሙስ የምሠጋው በሚበላው ሳይሆን በተሳፈረበት ነው።

ሰውነት ውስጥ ስለሚገባው ፕላስቲክም እ.ኤ.አ. በ2024 ኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦቭ ሜዲስን ላይ የወጣውን የጣሊያን ጥናት ብጠቅስ ይበቃል። የአንገት የደም ቧንቧቸው በስብ ክምችት ጠብቦ ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸው 257 ሰዎች ነበሩ፤ ከወጣው ክምችት በ150ዎቹ ላይ ፖሊኤቲሊን ተገኘ። 34 ወር ገደማ በፈጀው ክትትል ፕላስቲክ የተገኘባቸው ሰዎች ለድንገተኛ የልብ ሕመም፣ ለስትሮክ ወይም ለሞት የነበራቸው ተጋላጭነት ካልተገኘባቸው 4.5 እጥፍ ያህል ነበር። ጥናቱ ሁለቱ አብረው መታየታቸውን እንጂ ፕላስቲኩ ሕመሙን ማምጣቱን አያረጋግጥም። የተገኘው ፕላስቲክ ግን የፌስታል ወገን መሆኑን ሲያስቡ፣ በየጓሮው የሚነደውና በየእርሻው የሚበጣጠሰው ፌስታል የት እንደሚደርስ መጠየቅዎ አይቀርም።

በዚሁ ሁሉ መካከል አንድ የሚያስደስት ነገር ልንገርዎ። እ.ኤ.አ. በ2025 የኤዲንብራ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከፔት ጠርሙስ የተገኘ ቴሬፍታሊክ አሲድን መነሻ አድርገው፣ ዘረመሉ በተለወጠ ኢ. ኮላይ ባክቴሪያ አማካይነት ፓራሲታሞል ሠርተዋል፤ 90 በመቶ ገደማ ውጤት ያገኙት በክፍል ሙቀት ነው፣ እርሾ እንደሚያብላላ ሰው። ለዚህ ከተዋሱት ዘረመል አንዱ ከእንጉዳይ የመጣ ነው፤ ሌላው ደግሞ ከዚያው ከሱዶሞናስ ኤሩጂኖሳ። በዎርድ ውስጥ የምናሳድደው ተህዋስ የራስ ምታት ክኒን ሲያዋጣ ማየት በሙያዬ ካጋጠሙኝ ፌዞች ሁሉ የሚበልጥብኝ ነው። ክኒኑ ፋርማሲ እስኪደርስ ግን ገና ብዙ መንገድ ይቀረዋል።

እንግዲህ ያስተውሉ፣ የፈረንሳዮቹ የ72 ዲግሪ ሥራም ሆነ የኤዲንብራው ፓራሲታሞል የሚጀምሩት ተለቅሞ፣ ከሌላው ተለይቶ፣ ንጹሕ ሆኖ ከቀረበ ፔት ነው። ስለዚህ ለጅማ ከማንኛውም ባክቴሪያ ይልቅ የሚያስፈልጓት የእናንተ ማኅበርና ጆንያ አንግቦ በየሰፈሩ የሚዞረው ቆራሌው ናቸው። ባለፈው ጊዜ ከአንድ የወጣቶች ማኅበር ጋር ሃይላንድ ስለይ ዋልኩ። ጆንያዎቹ ተሞልተው ገዢው መጥቶ ሚዛን ሲዘረጋ፣ አንዱን ጆንያ ከፍቶ አሸተተና ወደ ጎን ገፋው። ነጭ ጋዝ የተቀዳበት አንድ ሃይላንድ መሐል ገብቶ ኖሮ ሽታው ሌሎቹን ሁሉ በክሏቸዋል። ነጭ ጋዝ ከፔት በማጠብ ብቻ ሙሉ በሙሉ አይለቅም፤ ገዢው ያደረገው ትክክል ነበር። ልጆቹ የግማሽ ቀን ድካማቸውን ተሸክመው ተመለሱ።

ስለዚህ በሚቀጥለው ለቀማ ነጭ ጋዝ፣ የፀረ ተባይ መድኃኒት ወይም የሞተር ዘይት የተያዘበትን ጠርሙስ ከመጀመሪያው ለብቻ አስቀምጡ። ክዳኑን ፍቱ፣ የስም ወረቀቱንም ላጡ፤ ሁለቱም ከጠርሙሱ የተለዩ ቁሶች ናቸው፤ ክዳኑን ለብቻ የሚገዛ ሊኖርም ይችላል። ውኃውን አፍስሳችሁ በእግር ደፍጥጡት፤ አንዱ ጆንያ የብዙ ጆንያ ያህል ይይዛል፣ የመኪናውም ወጪ ይቀንሳል። ፌስታሉን ከሃይላንዱ ጋር አትቀላቅሉት፤ ጭቃውንም ወንዙ ዳር አትጠቡት፣ ያ የሚያዳልጥ ነገር ተመልሶ ወደ ውኃው ይገባልና። መርፌ፣ ደም የነካው ፋሻ ወይም የጉሉኮስ ቱቦ ካገኛችሁ ግን በእጃችሁ አትንኩት፤ በመቆንጠጫ አንሥታችሁ ክዳን ባለው ወፍራም ጀሪካን ውስጥ ክተቱትና በአቅራቢያችሁ ላለው ጤና ጣቢያ አስረክቡ።